ብረት የተባለው የእትዬ ዘነበች ጓሮ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ መናኸሪያ ለሚኒባስ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ዞር ስል አቶ ፍቅሩ ናቸው፤ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ኃላፊ የነበሩት። ጡረታ ወጥተዋል፤ ፀጉራቸው ነጥቷል። ያ ብዙ ኪስ ያለው ካኪ ጃኬታቸው ግን አሁንም ላያቸው ላይ ነው፤ ክርኑ ብቻ ሳስቷል። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ እናቴን ጠየቁኝ፤ አግብቼ እንደሆነም ጠየቁኝ። ቀጥለው ሳቅ እያሉ፣ “ማርታ፣ ያንን የብረት ጊዜ ታስታውሺዋለሽ?” አሉኝ። “ምን ዓይነት ወኔ ነበረን! የማሽን ስህተት ሆነና ቀረ እንጂ!” እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ሰበር አድርጌ “አዎ ጋሼ” አልኩ። ሚኒባሱ ሞላ፤ ገባሁና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጥርሴን ነክሼ እንደያዝኩ ታወቀኝ። የማሽን ስህተት! ያ ማሽን ምን አጠፋ? የተጠየቀውን መለሰ። ጥያቄውን የመረጡለት እነሱ ናቸው።

ትዝታ መጻፍ የሽማግሌዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር። እኔ ገና ወጣት ከሚባሉት ነኝ፤ ነጭ ፀጉር የለኝም። ግን ያ ዘመን በዓመት ሲቆጠር ቅርብ ቢሆንም፣ ሳስበው ሌላ አገር የኖርኩ ይመስለኛል። ቦንጋ ያኔ ዩኒቨርሲቲዋ ገና ወሬ ብቻ ነበር። ከገበያው ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚወጣው ዳገት ክረምት ከበጋ ጭቃ ነው፤ እኛ የቢሮ ሴቶች በፕላስቲክ ቦቲ እንወጣና በር ላይ ስንደርስ ከቦርሳችን ጫማ አውጥተን እንቀይራለን። የሁላችንም ቦቲ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ይውላል፤ ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቱን ለመለየት እየተሳሳቅን እንሻማለን። ምሳ ሽሮ በአንድ የአሥር ብር ኖት ይበላል፤ መልስም ይመጣል። የዳገቱ መጀመሪያ ላይ ሙዚቃ በሚሞሪ ካርድ የሚጭን አንድ ልጅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠዋት የሰርግ ዘፈን፣ ከሰዓት የልማት ዘፈን ያሰማናል። ባጃጅ እንደ ዛሬው አልበዛም ነበር፤ አንዱ ከመጣ ለአምስት እንሳፈራለን፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ የጎኑን ሸራ እንደ መጋረጃ በእጃችን ይዘን እንሄዳለን። ይህንን ሁሉ ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ብዙ አይቆይም፤ ያቺ በረንዳ፣ ያ ዳገት፣ ያ ዘፈን ሁሉ ወደ አንድ ጓሮ ይወስደኛል።

በፊዚክስ ተመርቄ የተመደብኩት የዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ስሙም በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። ዓይናፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ስብሰባ ላይ የምቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ኩባያና ቴርሞስ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጥግ ነው። የዚያን ዘመን ቋንቋ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ ሰው በሁለት ይከፈላል፤ ወይ ልማታዊ ነው፣ ወይ ኪራይ ሰብሳቢ። መካከለኛ የለም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ለብቻው ስም ነበረው፤ “አቋሙ ያልጠራ” ይባላል። እኔ አቋሜ ያልጠራ ነበርኩ። የጠራልኝ አንድ ነገር ቢኖር ለመመረቂያ ሥራዬ አንድ ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት መሣሪያ ነበር፤ ያም መሣሪያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ቢጫ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቦንጋ መጣ።

ስሙ ኤክስ አር ኤፍ ይባላል። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ግድግዳ መብሻ ድሪል ይመስላል። አፈሙዙን አንድ ነገር ላይ አስጠግተው ሲጫኑት ኤክስሬይ ይለቃል፤ የተመታው ነገር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ዓይነት ጨረር ይመልሳል፤ መሣሪያውም ያንን አንብቦ ምን ምን እንዳለ በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። መምህራችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲነግሩን የነበረው፣ መጫን ማንም ይችላል፣ ሥራው ከመጫን በፊት ያለው ነው የሚለውን ነው። ናሙናው ደርቋል? ተፈጭቷል? ተነፍቷል? ገጹ ለጥ ብሏል? የጨረሩ ኃይል ስንት ይሁን? የትኛው ማጣሪያ ይግባ? ለምን ያህል ጊዜ ይለካ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በየትኛው ፕሮግራም? ለአፈር የሚሆን ፕሮግራም አለ፤ ለብረታ ብረት የሚሆን ሌላ ፕሮግራም አለ። የብረታ ብረቱ ፕሮግራም ከፊቱ ያለው ነገር በሙሉ ብረታ ብረት ነው ብሎ ይነሳል። ያየውን ብቻ ደምሮ መቶ ያደርገዋል። አፈር ግን በአብዛኛው ኦክስጅንና ሲሊከን ነው፤ በዚያ ፕሮግራም እነዚህ አይቆጠሩም። ስለዚህ አፈር ውስጥ ያለችው ጥቂት ብረት የሌሎቹን ድርሻ በሙሉ ትወርሳለች። ስብሰባ ላይ እጅ ያወጡትን ብቻ ቆጥሮ “ሕዝቡ በሙሉ ደግፏል” እንደማለት ነው። ይህ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለማንም እንግዳ አሠራር አልነበረም።

መሣሪያውን ይዞ የመጣው ከአዲስ አበባ የተላከ ኢንጂነር ሳምሶን የሚባል ሰው ነበር። ወጣት ነው፤ ጥቁር መነፅር ያደርጋል፤ ዋና ሥራው በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የውዳቂ ብረት ዓይነት መለየት ነበር። ዞናችን “የተደበቀ ሀብቱን እንዲያውቅ” ተብሎ ለጥቂት ቀናት ተዋስነው። አቶ ፍቅሩ፣ ኢንጂነሩ፣ ሾፌራችን ጋሽ ወልዴና እኔ በአንድ ላንድክሩዘር ወደ ዋጫ አቅጣጫ ወጣን። እኔ የሄድኩት ናሙና እንድይዝ ነው። ሺሺንዳ የገበያ ቀን ስለነበር መኪናችን በኮረሪማ ጆንያና በማር ቅል መካከል እየተንፏቀቀ አለፈ። ጋሽ ወልዴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያዩ፣ “ኢንጂነር፣ ይህ ነገር የመኪናዬን ራዲያተር ቢያየው ምን ይላል?” አሉ።

“ብረት ነው ይላል፣ ጋሼ።”

“ተወው እንግዲህ። እሱን እኔም አውቃለሁ፤ ውኃ እንደሚያፈስ አይናገርም?”

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁን ይቆጨኛል።

ከሺሺንዳ አልፈን አንድ ኩርባ ላይ፣ መንገዱ ኮረብታውን የቆረጠበት ቦታ፣ ቀይ አፈር እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከላዩ የእትዬ ዘነበች ጓሮ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ጓሮ ነው። ቤቱን ዙሪያውን የከበበው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎበት። ቅጠሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ፀሐይ መሬት አትነካም። ኢንጂነሩ ከመኪና ወረደና መሣሪያውን ከሳጥኑ አውጥቶ በቀጥታ እርጥቡ ግድግዳ ላይ አስጠጋው። አፈሩ ከሌሊቱ ዝናብ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ሥራ ሥር አለው፤ ጠጠር አለው። ጥቂት ሰከንድ ይዞ ለቀቀውና ስክሪኑን ለአቶ ፍቅሩ አሳያቸው። ብረት፣ ሰማንያ ምናምን ከመቶ።

አቶ ፍቅሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። “ምን አልክ?”

“ብረት ነው የሚለው። እኔ እንጃ። ቁጥሩ ይኸው።”

“ሰማንያ! ሰማንያ ከመቶ! ወልዴ፣ ና እስቲ ይህንን እይ!”

እኔ ግን ያየሁት ከቁጥሩ በላይ፣ በስክሪኑ ጫፍ የተጻፈውን የፕሮግራሙን ስም ነው። ውዳቂ ብረት ሲለይበት የነበረው ፕሮግራም ነው፤ አልቀየረውም። ድምፄ ሲወጣ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ግን ተናገርኩ። “ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ የብረታ ብረቱ ላይ ነው ያለው። የአፈሩ ላይ አይደለም። አፈሩም አልደረቀም።”

ኢንጂነሩ መነፅሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ። “እህቴ፣ ማሽኑ እኮ ስማርት ነው። ያየውን ያውቃል።”

አቶ ፍቅሩ ደግሞ፣ “ማርታዬ፣ አሁን የምርምር ጊዜ አይደለም” አሉ። ስልካቸውን አውጥተው ኔትዎርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው መውጣት ጀምረው ነበር። እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው፣ አንድ የምልክት መስመር እየፈለጉ ሲወጡ አያቸዋለሁ። በመጨረሻም አገኙ። ከዚያች ጉብታ ላይ ሆነው ለበላይ አለቃቸው ሲጮሁ ሸለቆው ሁሉ ሰማ። እትዬ ዘነበችም ሰምተው ከጓሯቸው ወጡ። እጃቸው ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ የነበረበት እርጥበት አለው፤ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገውታል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ካፊኖኖ የአፍ መፍቻቸው ስለሆነ አንተና አንቺ ይቀላቀሉባቸዋል። እኔን አስቀድመው አዩኝ፤ ሴት ስለሆንኩ ይመስለኛል።

“ልጄ፣ አንተ ምን አገኘህ እዚህ?”

ከእኔ ቀድመው አቶ ፍቅሩ ከጉብታው እየወረዱ መለሱ። “እማማ፣ ደስ ይበልሽ! ብረት ላይ ነው የተኛሽው! ሀብታም ነሽ!”

እትዬ ዘነበች ወደ አፈሩ አዩ፤ ወደ እሳቸው አዩ። “ይህ ሁልጊዜ ያለው አፈር ነው” አሉ። “ምን ያደርጋል እሱ?”

“ይቆፈራል!”

“እንሰቱስ?”

አቶ ፍቅሩ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ደስ ባላቸው ሰው ፊት “እንሰቱስ?” የሚል ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ ሆኖ ቀረ። “እንሰት የትም ይበቅላል እማማ” አሏቸው። የትም አይበቅልም። ዛሬ የሚፈቀው እንሰት የተተከለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ እትዬ ዘነበች ገና ወጣት እያሉ ያፈሉት ችግኝ ዝርያ ነው። አንድ ጓሮ እንሰት ሲነቀል የሚቀጥሉት ዓመታት ምግብ አብሮ ይነቀላል። ይህንን አቶ ፍቅሩ ያውቃሉ፤ እሳቸውም የተወለዱት ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው።

ቦንጋ ስንመለስ ኢንጂነሩ ሳጥኑን ቢሮ ትቶ ወደ ሆቴሉ ሄደ። “ከፈለግሽ ተለማመጂበት” ብሎኝ ነበር። እኔም ከዚያ ግድግዳ በፌስታል ያመጣሁትን አፈር በረንዳው ላይ፣ በዚያ የቦቲ ሰልፍ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ዘርግቼ አደረቅኩት። ፀሐይ ስትወጣ አወጣዋለሁ፤ ሲያካፋ አስገባዋለሁ። ሥሩንና ጠጠሩን ለቀምኩ፤ ከጎረቤት በተዋስኩት የሸክላ ሙቀጫ አድቅቄ በወንፊት ነፋሁት፤ ቀጭን ፕላስቲክ በተወጠረባት የመሣሪያው ኩባያ ውስጥ ጠቅጥቄ ሞላሁ። የአፈሩን ፕሮግራም መረጥኩ፤ የሚለካበትን ጊዜ አስረዘምኩ። በመጀመሪያ የለካሁት ከሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን ማመሳከሪያ አፈር ነው፤ በውስጡ ምን ያህል ብረት እንዳለ አስቀድሞ የታወቀና ክዳኑ ላይ የተጻፈ። መሣሪያው ልክ የተጻፈውን አወጣ። ከዚያ ወደ ብረታ ብረቱ ፕሮግራም ቀይሬ ያንኑ ማመሳከሪያ ስለካው ከውጭ አገር የመጣው ተራ አፈር ብረት ሆኖ ቁጭ አለ። የእትዬ ዘነበችም አፈር በራሱ ፕሮግራም ሲለካ ከከፋ ዞን ኮረብታዎች ሁሉ የማይለይ ቀይ አፈር ሆነ። ብረት አለው፤ ቀይ ያደረገውም እሱ ነው፤ ግን ማንም ሰው ብረት ብሎ የማይቆፍረው ጥቂት ነው።

ኢንጂነሩን ጠርቼ አሳየሁት። ቆሞ ሁለቱንም ውጤት አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ተንኮለኛ አይደለም፤ ገብቶታል። “ትክክል ነሽ” አለኝ በቀስታ። “በጣም ትክክል ነሽ።”

“ታዲያ ይንገሯቸው።”

“እኔ?” አለ። “ሪፖርቱ እኮ ወጥቷል። እኔ ፈርሜበታለሁ።”

“ያልፈረሙ ይመስል ይቀይሩታ።”

“እንዲህ የምትዪው አንቺ እዚህ ስላለሽ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስመለስ ማሽን ማስተካከል የማይችል ኢንጂነር ነው የምባለው።” መነፅሩን አጥልቆ ወጣ። ብዙ ዓመት አለፈው፤ ያ መነፅር የሚጠልቅበት አኳኋን ግን እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

አቶ ፍቅሩ ጋ ራሴ ገባሁ። ሳላንኳኳ መግባቴ ትዝ ይለኛል፤ በሕይወቴ ያደረግኩት ትልቅ ድፍረት ነበር። ያደረቅኩትን አፈር በኩባያ ይዤ፣ የሁለቱን ፕሮግራሞች ልዩነት ከላይ እንደጻፍኩት አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ፤ ይህንን አልክድም። በመጨረሻ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ፣ “ማርታ፣ ሰማንያ ብለን ወደ ላይ ልከናል። አሁን አንቺ ስንት በሉ ነው የምትዪኝ?” አሉ። “ተራ አፈር ነው በሉ” አልኳቸው። “ተራ አፈር” አሉ፤ ቃሉን እንደ ዝንብ ከፊታቸው እያባረሩ። “ዞናችን ተራ አፈር ነው ያለው ብዬ ልጻፍ? እሺ፤ ስብሰባው ላይ አቅርቢው። በዲሞክራሲ እናምናለን።”

አቀረብኩት። አዳራሹ ሞልቷል፤ የልማት መፈክር የታተመበት ቲሸርት የለበሱ ከየወረዳው የመጡ ሰዎች ከፊት ተደርድረዋል። በቃል ብናገር ማንም እንደማይሰማኝ ስለማውቅ በዓይን የሚታይ ነገር አሰብኩ። የአዳራሹ ግድግዳ የቆየ የጭቃ ምርጊት ነው፤ ቀለሙ ጥግ ላይ ተልጦ ጭቃው ረግፏል። ከወደቀው አንድ ጓል አነሳሁና፣ “ይህ የዚህ አዳራሽ ግድግዳ ነው” አልኩ። “በዚያ ቀን በተመረጠው ፕሮግራም ልለካው ነው።” ለካሁት። ቁጥሩን አነበብኩ። ከእትዬ ዘነበች አፈር ጋር እኩል ነው፤ እንዲያውም ትንሽ በለጠ። ከፊት ያሉት አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ። በቃ ገባቸው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

አቶ ፍቅሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። “ጓዶች፣ ሰማችሁ? ቢሮአችንም ብረት ላይ ነው!” አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዱ ከፊት ያለ፣ “ቦንጋም ትቆፈር!” ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሌላው የግድግዳውን ቁራጭ ከእጄ ተቀብሎ በኪሱ ከተተ፤ ለመታሰቢያ ነው አለ። ኢንጂነር ሳምሶን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ተናገር ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። ጫማውን ማየቱን ቀጠለ። “አይደለም፣ ይህ ማለት ፕሮግራሙ…” እያልኩ ነበር፤ ድምፄን ግን ጭብጨባው ዋጠው። የማስረጃዬ ዋጋ ይህ ሆነ፤ አንድ የብረት ቦታ የነበራት ዞን በእኔ እጅ ሁለት አገኘች። በዚያው ሳምንት በግምገማ ላይ “ጨለምተኛ ዝንባሌ” የሚል ስም ተሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለዚያ ለምን አለቀስኩ? ማልቀስ የነበረብኝ ለሌላ ነገር ነው።

ዶዘሩ የመጣው ቡናው ሊለቀም ሲቀላ ነው። ከጋሽ ወልዴ ጋር ሄድኩ፤ ቦታውን እንድናሳይ ታዘን። እንሰት ሲወድቅ ድምፅ አለው፤ እንደ እንጨት አይሰበርም፤ ውኃ ስለሆነ ይጨፈለቃል። አንዱ ሲወድቅ ነጩ ሆዱ ይታያል። ዋንዛው ሲጋደም ቀፎው ተፈነከተ፤ ንቦቹ ዶዘር ነጂውን አስወጥተው ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ አስቆሙ። በዚያ ቀን ከእትዬ ዘነበች ጎን የቆሙ ንቦቹ ብቻ ነበሩ። እሳቸው አልጮኹም። ከወደቀው እንሰት መካከል ገና ያልደረሱትን ሳይቀር እየጎተቱ ወደ ጎረቤት አጥር ያግዙ ነበር። ልረዳቸው ስጠጋ፣ “አንተ ነግረሃቸዋል?” አሉኝ። “ነግሬያቸዋለሁ፣ እትዬ” አልኩ። “ሰሙ?” “ሰምተዋል።” ራሳቸውን ነቀነቁና መጎተታቸውን ቀጠሉ። ሁልጊዜ የሚቀልዱት ጋሽ ወልዴ መሪው ላይ ተደፍተው ወደ መሬት ያያሉ። “ልጄ፣ ግቢና እንሂድ” አሉኝ፤ “እዚህ ለእኛ የሚሆን ቦታ የለም።”

ከጉድጓዱ የወጣው ናሙና አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ተላከ። በደንብ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በትክክለኛው ፕሮግራም ተለካ። መልሱ ቀይ አፈር ነው የሚል ነበር። ያንን መልስ ለእትዬ ዘነበች የነገራቸው ሰው የለም፤ እኔ ራሴ በአውቶቡስ ሄጄ ነገርኳቸው። ዶዘሩ ሌላ ቦታ ተፈልጎ ሄደ። ጉድጓዱ ውኃ ሞላበት፤ እንቁራሪት ገባበት። መሬቱ ግን አልተመለሰም። ምክንያቱ ሳይመለከቱት የማይታመን ነው፤ “የማዕድን ክልል” ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከመዝገቡ እንዲወጣ ብረት የለም ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ያስፈልጋል፤ የለም ብሎ የሚፈርም ደግሞ አለ ብሎ የፈረመውን ሊያሳጣ ነው። አንዱ ሲሻር ለቀጣዩ ያስተላልፈዋል። መንግሥት ተለወጠ፤ የቢሮው ስም ተለወጠ፤ መፈክሩ ተለወጠ። የሌለው ብረት ግን እስከ ዛሬ ባለ መሬት ነው። እትዬ ዘነበች በሴት ልጃቸው ቤት ጓዳ ተጠግተው ቆጮ ከገበያ እየገዙ ይበላሉ። ቆጮ ከገበያ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጎረቤት ሲያካፍሉ የኖሩ ሴት።

አሁን ሥራዬ ማስተማር ነው። ለተማሪዎቼ የመሣሪያ አመራረጥ ሳስተምር ይህንን ታሪክ ሳልነግራቸው አልቀርም፤ ድምፄም ይጠነክራል፤ ዓይናፋር ናት የሚሉኝ ተማሪዎች ይደነግጣሉ። የትኛውን ፕሮግራም መረጥክ ማለት የመልሱን ዋጋ ማን እንዲከፍልልህ ፈለግህ ማለት ነው እላቸዋለሁ። ማሽን ይሳሳታል የሚል ተማሪ ካለ ከክፍል አላስወጣውም፤ ግን እስኪያርም አልለቀውም።

ዘንድሮ ስለ መሬቱ አዲስ ኮሚቴ ተቋቋመ ተብሎ ወደ ቦታው ሲሄድ እኔም እንደ ባለሙያ ተጠርቼ ሄድኩ። አቶ ፍቅሩን ያገኘሁትም ከዚያ ስመለስ ነው፤ ለዚህ ነው ንግግራቸው እንደ እሳት የበላኝ። ኮሚቴው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ክብ ሠርቶ ቆመ። ሰብሳቢው ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ታብሌት ይዟል። ላቦራቶሪው ያለውን አስረዳሁ፤ ለአንዴም ሳልንተባተብ። ሰብሳቢው ጻፈ። ከዚያ፣ “እማማ፣ እርስዎስ ጥያቄዎ ምንድነው?” አላቸው።

እትዬ ዘነበች በጣም አርጅተዋል። ጀርባቸው ጎብጧል። ከልጃቸው ጋር የመጡት በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ነው። “ብረት ካለ አውጡ” አሉ። “ከሌለ እናንተ ውጡ።”

የሚስቅ አልነበረም። ሰብሳቢው ጥያቄያቸው ወደሚመለከተው አካል እንደሚመራ ነገራቸው። እትዬ ዘነበች ኮባውን ፈቱት፤ ውስጡ ከጎረቤት የተሰጡ የእንሰት ችግኞች ነበሩ። ልጃቸው መቆፈሪያ አቀበለቻቸው። ኮሚቴው ገና ሳይበተን፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ፈንጠር ብለው፣ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው ቀዩን አፈር መቆፈር ጀመሩ።

“እማማ፣ ይህ እኮ ክልክል ነው” አለ ሰብሳቢው። “ውሳኔ ሳያገኝ መትከል አይቻልም።”

“ንቀለው” አሉት ቀና ሳይሉ።

ሰብሳቢው ወደ አባላቱ አየ። አባላቱ ወደ እኔ አዩ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከኩና ሁለተኛውን ችግኝ ያዝኩላቸው።